«አየሩ ተበላሽቷል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ታክሲ ውስጥ ግቡ፣ ካፌ ተቀመጡ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ተጠለሉ፤ «አየሩ ተበላሽቷል» የሚል ሰው አታጡም። በጥር ዝናብ ሲጥል አየሩ ተበላሽቷል። ሰኔ ገብቶ ፀሐዩ ሲያቃጥል አየሩ ተበላሽቷል። በረዶ ወርዶ የመኪና መስታወት ከሰነጠቀማ በቃ፣ ያን ቀን ቲክቶክ ላይ ሌላ ነገር አይታይም። ወዲያው ማብራሪያው ይከተላል። ወጣቱ «ክላይሜት ቼንጅ ነው» ይላል። ጎልማሳው «ዛፉን ጨርሰነው እኮ ነው» ይላል። ኋላ ወንበር ላይ ያሉ እናት «እኛ ስንከፋ ጊዜውም ከፋ» ብለው ያማትባሉ። አንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዐረቦቹ ደመናውን እየነካኩት እንደሆነ ይነግራችኋል። ከዚያ «ወራጅ አለ!» ይባላል፤ ሁሉም ይወርዳል፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚያው መቅረቱ ነው። ያቺ አጭር ንግግር ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተጠቅልለዋል፦ ሰማዩ ላይ የተቀየረው፣ መሬቱ ላይ የተቀየረውና እኛው ላይ የተቀየረው። ሦስቱንም «አየሩ» ብለን ከጠራናቸው ተጠያቂ የሚባል ነገር ይጠፋል። አየር አይከሰስማ!

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከእኛ። «ድሮ ክረምት ክረምት ነበር» የማይል ሰው አለ? እኔም እላለሁ። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ሳትታይ ሳምንት የሚያልፍበት፣ ጭቃው ጫማ የሚነጥቅበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ግን አስቡት፤ ለልጅ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ሙሉ ቀን ቤት የሚዋልበት ጊዜ ነው። ዝናቡን መስኮት ላይ ተለጥፈን ነው ያሳለፍነው። ዛሬ ቢሮ ውስጥ ወይ ስልካችን ላይ አቀርቅረን ስንውል ዝናቡ መጥቶ ሲሄድ ልብም አንለውም፤ መዝነቡን የምናውቀው ማታ ታክሲ ሲጠፋ ነው። አእምሯችን ደግሞ ተራውን ቀን አይመዘግብም፤ የሚይዘው ጉደኛውን ቀን ነው።

በዚህ ላይ ስልኩ ተጨመረ። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ሳሪስ ላይ የወረደ በረዶ የሳሪስ ሰው ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። አሁን አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ዱባይና ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን «ደህና ናችሁ ወይ?» ብለው ይደውላሉ። ያውም ቪዲዮው የዘንድሮ ከሆነ ነው፤ የአምናውን በረዶ «አሁን በዚህ ሰዓት» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ሞልቷል። የበረዶ ቪዲዮ በዛ ማለት በረዶ በዛ ማለት አይደለም። የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሳምንት ሁኔታ የአየር ጠባይ ይባላል፤ የአየር ንብረት የሚባለው የአንድ አካባቢ የብዙ ዓመታት ልማድ ነው፤ ባለሙያዎቹ ቢያንስ 30 ዓመት ይቆጥሩለታል። አንድ ጉደኛ ቀን ብቻውን ስለ ልማዱ ብዙም አይነግረንም።

ይህን ስል «ምንም አልተቀየረም» ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በጣም ተቀይሯል። የተቀየረው ግን ብዙ ጊዜ የምናወራለት ነገር አይደለም።

መንዝ ውስጥ ገብስ የሚያርሱ አጎት አሉኝ። በስልክ ስንገናኝ ከጤና ቀጥሎ የምጠይቃቸው ስለ ዝናብ ነው።

«ጋሼ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?»

«ዝናቡማ ይመጣል ልጄ። እኛ ስንፈልገው አይደለም እንጂ።»

ደጋግመው የሚነግሩኝ አንድ ነገር አለ። እሳቸው ጎረምሳ በነበሩበት ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርቱ ነበር፤ በበልግም በመኸርም። አሁን የበልጉን ትተውታል። የካቲት ላይ ደመናው ይቋጥራል፣ ትንሽ ያካፋል፣ ዘር ሲዘራ ይጠፋል። «ዘሩን መሬት ከሚበላው ልጆቹ ይብሉት ብለን ነው» ይላሉ። ከዚያ ያቺን የተለመደች ቃል ይጨምራሉ፦ «በቃ ዝናቡ ቀነሰ»።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። አጥኚዋ ገበሬዎችንና አርብቶ አደሮችን ስለ ዝናቡ ስትጠይቅ «ቀንሷል» አሏት። የዝናብ መለኪያ መዝገቡን ስታገላብጥ ግን እነሱ ያሉትን መቀነስ አላገኘችበትም። እንግዲህ ማንን እንመን? ገበሬውን «ተሳስተሃል» ማለት ቀላል ነው፤ ከተማ ተቀምጦ ገበሬን ማረም ደግሞ የቆየ በሽታችን ነው። እኔ ግን ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፤ የለኩት ነገር ነው የተለያየው።

መለኪያው የሚለካው ጣሳው ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ነው። ገበሬው የሚለካው ሰብሉ ውሃ አገኘ ወይስ አላገኘም የሚለውን ነው። በሁለቱ መካከል ስንት ነገር አለ! አፈሩ ታጥቦ ሳስቷል፤ የዘነበው ውሃ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ ወደ ገደሉ ይወርዳል። አንድ አባት ያርሰው የነበረውን መሬት አራት ወንድማማቾች ተካፍለውታል፤ ማሳ አሳድሮ ማሳረፍ የሚባል ነገር ቀርቷል። ሙቀቱ ስለጨመረ መሬቱ ቶሎ ይደርቃል። ዝናቡም በአሥር ቀን ተከፋፍሎ መውረድ የነበረበት በሁለት ቀን ከወረደ መዝገቡ ላይ ድምሩ ያው ነው፤ ማሳው ላይ ግን ያው አይደለም። ስለዚህ «ዝናቡ ቀነሰ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ «ዝናቡ አልበቃኝም» ማለት ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሰማዩ ከነጠፈ የሚያስፈልገው መስኖና ቶሎ የሚደርስ ዘር ነው፤ አፈሩ ውሃ መያዝ ካቃተው ደግሞ እርከን፣ ፍግ፣ የተከለለ ተዳፋት ነው። በሽታውን ሳይለዩ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም።

በበልጉ ጉዳይ ግን ገበሬውና መለኪያው ይበልጥ ይቀራረባሉ። በተለይ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ የሀገራችን ክፍል፣ ለቦረናና ለሶማሌ አርብቶ አደር ዋናው የሆነው የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ካለፉት አራት አሥርት ዓመታት ወዲህ እየቀነሰ መምጣቱ በብዙ ጥናት ተመዝግቧል። የሚገርመው፣ የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ይህ ዝናብ ይጨምራል ብለው ነበር የሚተነብዩት። መሬት ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው «የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ እስካሁንም ይከራከሩበታል። ለአብዛኛው የሀገሪቱ ክፍል ዋና የሆነው የክረምቱ ዝናብ ደግሞ በድምሩ ሲታይ በሀገር ደረጃ ግልጽ የሆነ የመቀነስም የመጨመርም አዝማሚያ አላሳየም። ጎልቶ የሚታየው ከዓመት ዓመት መዋዠቁ ነው። ታክሲ ውስጥ «ክረምቱ ጠፋ» የሚለውና መዝገቡ እዚህ ላይ አይገናኙም።

ስለማናወራው ልንገራችሁ፦ ስለ ሌሊቱ። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን በዚያው ጥናት ውስጥ በዓመት የሚቆጠሩት «ሞቃት ቀናት» በ73 ሲጨምሩ «ሞቃት ሌሊቶች» ደግሞ በ137 ጨምረዋል፤ ማለትም ሌሊቱ ከቀኑ ይበልጥ ተቀይሯል። ሌሊት ሲሞቅ ቪዲዮ የሚቀርጽ የለም። ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጎ ይተኛል፣ አለቀ። ትንኟ ግን ልብ ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደብረ ዘይት አካባቢ የተሰበሰበ የወባ መረጃን መርምሮ፣ ሞቅ ባለ ዓመት ወባ ወደ ከፍታው እንደምትወጣ፣ ቀዝቀዝ ሲል እንደምትወርድ አሳይቷል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለን በትምህርት ቤት የሸመደድነው ድንበር ተራራውን እየወጣ ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን አስታውቋል። እዚህም ላይ መለየት ያስፈልጋል፦ ጦርነት ጤና ጣቢያ ሲዘጋ፣ አጎበር ሳይከፋፈል ሲቀር የሚመጣ ወባም አለ። ሁሉን ለሙቀቱ መስጠት ለአንዳንድ ሰዎች በጣም ይመቻል።

ሰማዩ በእርግጥ የሚከሰስበት ጉዳይ የለም ወይ? አለ። በደንብ አለ። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ቦረና ላይ በረት ሙሉ ከብት ሲያልቅ፣ ሬሳው መንገድ ዳር ተደርድሮ ፎቶው በየስልካችን ሲዞር ታስታውሳላችሁ። በ2023 ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ጉዳዩን መረመረ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ አልነበረም። የዝናቡ እጥረት አንዱ ክፍል ለሦስት ዓመት የዘለቀው የላኒኛ ውጤት ነው፤ ላኒኛ ደግሞ ድሮም የነበረ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ተፈጥሯዊ ጠባይ ነው። ሙቀቱ ግን ሌላ ነገር አደረገ፤ የዘነበችውንም ጥቂት ውሃ ከአፈሩና ከቅጠሉ መጦ ወሰዳት። ሁለቱ ተደምረው ሲሰሉ፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ድርቁ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ አሳድጎታል ተባለ። ዓለም በ1.2 ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለች ብትሆን ኖሮ ያው የዝናብ እጥረት ድርቅ እስከመባል ባልደረሰ ነበር። ከዚያስ? በ2023 መጨረሻ ኤልኒኞ ሲመጣ ያው የተቃጠለ መሬት በጎርፍ ተዋጠ፤ በሶማሌ ክልል ከድርቅ የተረፈውን ከብት ዋቢ ሸበሌ ወሰደው። «ዝናብ ስጠን» ብሎ ሲጸልይ የከረመ ሰው «በቃን» ብሎ መጸለይ ጀመረ።

እንዲህ ያለው ክስ ማስረጃ አለው፤ የሚያናድደኝ ሌላኛው አጠቃቀም ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ሰዓት ዘንቦ መንገዱ ወንዝ ሲሆን ማይክ ፊት የሚቆመው ኃላፊ «ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ተያይዞ» ብሎ ይጀምራል። የምን መያያዝ ነው? የውሃ መውረጃው በፕላስቲክ ጠርሙስና በግንባታ አሸዋ ተደፍኗል። ድሮ ሣር የነበረው ሜዳ ኮንክሪት ለብሷል፤ ውሃው የሚሰርግበት ቀዳዳ የለውም። ወንዝ ዳር ቤት እንዲሠራ ዝም ያለ ሰው አለ፤ ቱቦውን በክረምት ዋዜማ መጥረግ የነበረበት ሰው አለ። ሙቀት የጨመረ አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፣ ስለዚህ ኃይለኛ ዝናብ ይበልጥ ይበረታል፤ ይህ እውነት ነው። ቱቦውን ግን አየሩ አልደፈነውም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የሆነውን የዛሬ ወጣቶች ብዙዎቹ አታስታውሱትም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ይሻገርበታል። በአንድ ሌሊት ከላይ ከተራራው በወረደ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ ተራራው ተናደ። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤቱ በእጁና በዶማ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ በላዩ ላይ ወረደ። እዚያም ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ፤ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ሰዎች ናቸው። ዝናቡ በርትቶ ነበር ወይ? አዎ። ግን ከዝናቡ ሌላ የምንጠይቀው ነገር የለንም? ከዚያ ተዳፋት ሥር ስንት ሰው ይኖራል? ዝናቡ ሲበረታ «ዛሬ ሌላ ቦታ እደሩ» የሚላቸው ማን ነው? በየትኛው ስልክ? የኔትወርክ ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በተቃራኒው በኩል ያለውንም ልንካው። «ዛፉን ጨርሰን ነው» የሚለው አባባል ከአንድ አቅጣጫ ትክክል ነው፤ ደን የሌለው ተዳፋት አፈሩን አይዝም፣ ጎርፉን አያበርድም፣ ምንጩም ይደርቃል። ችግኝ መትከል ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነው። የዓለም ሙቀት ግን በመንዝ ጽድ መቆረጥ አይደለም እዚህ የደረሰው። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ያን የጨመረው በዋናነት የድንጋይ ከሰሉ፣ የነዳጁና የጋዙ ቃጠሎ ነው፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ልቀት 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ አጎቴ በልጋቸውን ያጡት ዛፍ ቆርጠው ነው ብሎ መንገር፣ የተሰረቀን ሰው «በርህን ለምን አልዘጋህም» እንደማለት ነው። በሩን መዝጋቱ ጥሩ ነበር፤ ሌባውስ?

የታክሲዋ እናት የሚሉትን በተመለከተ ከሳቸው ጋር ክርክር የለኝም። ምሕላ የሚወጣ ገበሬ ማሳውን ትቶ አይደለም የሚወጣው፤ አርሶ፣ አለስልሶ፣ ዘሩን አዘጋጅቶ ነው። ያቺ ጸሎት ከብዙ ኃላፊዎች መግለጫ የበለጠ ሥራ አለባት።

የዐረቦቹ ደመና ወሬ ግን መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በጣም ተሰራጭቷል። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ዱባይ ስትጥለቀለቅ እዚያ ያሉ እህቶቻችን የቀረጹትን አይተናል፤ አል ዐይን አካባቢ በአንድ ቀን ውስጥ ከ254 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፤ ሀገሪቱ መመዝገብ ከጀመረችበት ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ነው። አዲስ አበባ የነሐሴን ወር ሙሉ ከምታገኘው ብዙም የማይተናነስ ውሃ በአንድ ቀን! ወዲያው «ደመና ሲያዘንቡ አምልጧቸው ነው» ተባለ። ደመና ማዝነብ የሚባለው ቴክኖሎጂ አለ፤ የኛም መንግሥት በ2013 ዓ.ም. ሙከራውን ይፋ አድርጎ ነበር። ግን የሚሠራው ያለን ደመና ትንሽ ማገዝ እንጂ ከባዶ ሰማይ ማዕበል መፍጠር አይደለም። ያ ማዕበል ደግሞ ከቀናት በፊት በትንበያ ታይቶ ነበር። የኛን በልግ የሰረቀ አውሮፕላን የለም። ቢኖርማ ጥሩ ነበር፤ አንድ አምባሳደር ጠርቶ መነጋገር ይቻል ነበር።

«እኔ ከተሜ ነኝ፣ ምን አገባኝ» ለምትሉ፦ ይህን የምታነቡበትን ስልክ ምን ቻርጅ እንዳደረገው ታውቃላችሁ? ከሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። በየግድቡ የተጠራቀመ ክረምት ነው ባትሪያችሁ ውስጥ ያለው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ድንገት ሲዘንብ ደግሞ እኛ ከተማ ውስጥ «ደስ ሲል፣ አቧራው በረደ» ብለን የማኪያቶ ፎቶ እንለጥፋለን፤ በዚያው ሰዓት የታጨደ ጤፍ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። አባቶቻችን «ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም» ሲሉ የመኸሩን ሥራ ቀን እየቆረጡበት ነበር። ያ ዝናብ ከጥቂት ወራት በኋላ በእንጀራ ዋጋ ተመልሶ እኛው ቤት ይገባል።

ስለ ስልክ ካነሳሁ አይቀር፣ ስለዚያች የአየር ጠባይ አፕ ትንሽ ልበል፤ «አፑ ዋሸኝ» የማይል ወጣት የለም። አብዛኞቹ አፖች የሚጠቀሙት የዓለም አቀፍ ሞዴሎችን ውጤት ነው። ሞዴሎቹ ምድርን በካሬ ይከፋፍሏታል፤ የአንዱ ካሬ ጎን በብዛት ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ነው። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አቃቂ ከእሱ በ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ሽሮ ሜዳ በረዶ እየወረደ ቦሌ ፀሐይ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ አፑ ግን ለሁለቱም አንድ የደመና ሥዕል ያወጣል። «40 በመቶ» ሲላችሁም አይዘንብም ማለቱ አይደለም፤ እንዲህ ካሉ አሥር ቀናት በአራቱ ይዘንባል ማለቱ ነው። ጃንጥላ መያዝ አለመያዝ የናንተ ፈንታ ነው።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ መግቢያ የሚያወጣው ትንበያም እንዲሁ ነው፤ እኛ ጋዜጠኞቹ ግን አበላሽተን እናቀርበዋለን። ትንበያው ሦስት ሳጥን አለው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ ለአንድ አካባቢ 45፣ 35 እና 20 በመቶ ብሎ ያስቀምጣል። ዜናው ላይ ሲደርስ «ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጥላል» ይሆናል፤ 55ቱ በመቶ ተቆርጦ ይጣላል። ከዚያ ዝናቡ መደበኛ ሲሆን «ሜትሮ ካለ ልብስህን አስጣ» ብለን እንቀልዳለን። ቀልዱ ያስቃል፤ በ20 በመቶው በኩል የወደቀበት ገበሬ ግን አይስቅም፤ ያ 20 በመቶ መኖሩን የነገረው ሰው የለማ። «መደበኛ» የሚባለውም ራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ የ30 ዓመት አማካይ ስለሆነ በየአሥር ዓመቱ ይታደሳል። አሁን የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። በሙቀት በኩል ሲታይ የናንተ «መደበኛ» ቀን ለአያቶቻችሁ ሞቃት ቀን ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ መለያየት አሁን ለምን አስፈለገ ብትሉኝ፣ አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም አል ሼክ ላይ «የኪሳራና ጉዳት ፈንድ» እንዲቋቋም ተወሰነ፤ በዓመቱ ዱባይ ላይ ሥራ እንዲጀምር ተደረገ። ሐሳቡ፣ ያልበደሉ ሀገሮች ለደረሰባቸው ጉዳት ካሳ መሰል ድጋፍ እንዲያገኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ ኮፕ 32 አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል፤ ቤታችን ድረስ ይመጣሉ። ያኔ «አየሩ ተበላሽቶብናል» ብለን ብንቀርብ አዳማጩ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቡናችንን ይጠጣል፣ ይሄዳል። የቦረናን ድርቅ ያህል ተለክቶ፣ ይህን ያህሉ የላኒኛ ነው፣ ይህን ያህሉ የሙቀቱ ነው ተብሎ ሲቀርብ ግን ክርክሩ ሌላ ነው። በዚያው ልክ ደግሞ «ይሄኛው ጎርፍ የኛው የቱቦ ጥፋት ነው» ለማለት የሚደፍር ካልተገኘ፣ እውነተኛውንም ክስ የሚያምነን አይኖርም።

ለዚያ ክርክር የሚያስፈልገው ነገር በጣም ተራ ነው። በየወረዳው፣ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት ወይም በግብርና ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በአጥር የተከለለች አንዲት የዝናብ መለኪያ አለች። አንድ ሰው በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሄዶ ትናንት የወረደውን ለክቶ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ካልዘነበም ዜሮ ብሎ ይጽፋል። ጦርነት ባለበት አካባቢ ይህ ሰው ይሰደዳል፣ መዝገቡ ይቋረጣል፤ ያ የተቋረጠ ዓመት ደግሞ ተመልሶ አይለካም። አጎቴን ባለፈው «እናንተ ጋ መለኪያ አለ?» አልኳቸው። «አለች፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ» አሉኝ። የሚጽፈው ልጅ በክረምት ጭቃ ለብሶ እንደሚመላለስ ነገሩኝና፣ ለመሆኑ ያን ሁሉ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ማን እንደሚያነበው ጠየቁኝ።